«ብር አይበላም» ላሉን ጸሐፊ

«ብር አይበላም» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው የአዳማ ሰው ናቸው። በተፈናቃዮች ጣቢያ እህል ሲያከፋፍሉ እንደነበሩ ይናገራሉ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። በግጭት ለተጎዳ ቤተሰብ ጥሬ ገንዘብ መስጠት ልጆችን ከምግብ እጥረት አያድንም። ብሩን አባወራው ይጠጣበታል። የተረፈው ገበያውን ያስወድዳል። ጦርነት ባለበት ደግሞ ይዘረፋል። የከሳ ልጅ የሚድነው በፕላምፒናት (ለከሱ ልጆች በሚሰጠው የታሸገ የለውዝ ምግብ) እንጂ በብር አይደለም። ሴፍቲኔት፣ ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ ስንት ዓመት ተከፍሎ የልጆቻችን ቁመት የት ደረሰ? ሕዝቡንም ጥገኛ ያደርጋል። ስለዚህ የገንዘብ ድጋፉ ይቁም፣ ሁሉም ወደ ስንዴ ይመለስ።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል፣ ይነበባል። እኔ ሐዋሳ ነው የምኖረው። እዚህ ያነበቡት ጓደኞቼ ግማሾቹ «እውነቱን ነው!» አሉ። ለምን እንዳሉ ይገባኛል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ነበር። ዲላ ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ያኔ ከሰፈራችን ዱቄት፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስ አዋጥተን ስንልክ ብር እንላክ ያለ ሰው አልነበረም። ለተራበ ሰው እህል መስጠት ይቀናናል፤ በዓይን ይታያላ። ብር ሲሆን ግን ወዲያው መጠርጠር እንጀምራለን።

እንግዲህ ነጥብ በነጥብ ልሂድ። ሁሉም ነጥብ እኩል አይከብድም፤ አንዳንዱ ሁለት መስመር ይበቃዋል።

«ለተራበ ልጅ ስንዴ እንጂ ወረቀት አይሰጥም።»

እስቲ ስንዴውን እንየው። በአገራችን የተለመደው ሙሉ የእርዳታ ቀለብ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ሙሉው ሲመጣ ማለቴ ነው። ይህ የአዋቂ ሰው ሆድ ይይዛል። የዘጠኝ ወር ሕፃን ግን በንፍሮና በቂጣ አያድግም። ከስድስት ወሩ ጀምሮ ከእናቱ ጡት ሌላ እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ ፍራፍሬ በየዓይነቱ ይፈልጋል። እንቁላል በጆንያ ታጭቆ ከጅቡቲ ወደብ አይመጣም። ያለው ገበያ ላይ ነው።

ስንዴውም ቢሆን እንዲሁ ወደ አፍ አይገባም። ማስፈጫ አለ፣ ማገዶ አለ፣ ጨው አለ። ወፍጮ ቤቱ ተፈናቃይ ነሽ ብሎ በነፃ አይፈጭም። እናትየው ታዲያ የማስፈጫውን ከየት ታምጣ? ከስንዴው ላይ ቀንሳ ትሸጣለች። የእርዳታ ማከፋፈያ አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ጸሐፊውም እህል ሲያከፋፍሉ ስለነበሩ እንደሚያውቁት አልጠራጠርም። ነጋዴው ከበሩ ብዙም ሳይርቅ ይጠብቃል። በዚያ ቀን ሁሉም ሻጭ ስለሆነ ዋጋው ይወድቃል። ከውጭ ተገዝቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ወደብ ወርዶ፣ በከባድ መኪና ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣው ስንዴ መጨረሻው በርካሽ ወደ ብር መለወጥ ሆነ ማለት ነው። ብር መሆኑ ካልቀረ መንገድ ላይ ሳይሸራረፍ ብር ሆኖ ቢመጣ ምን አለበት?

የወጪው ነገር በሌላ አገር ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን ኢኳዶር ከኮሎምቢያ ግጭት የሸሹ ስደተኞችና ድሃ የአካባቢው ነዋሪዎች በሦስት መንገድ ተረዱ። ለአንዱ ቡድን ምግብ፣ ለአንዱ ኩፖን፣ ለሌላው ጥሬ ገንዘብ ተሰጠ። የሁሉም ዋጋ በወር 40 ዶላር ነበር። ምግቡን ለማድረስ የወጣው ወጪ ገንዘቡን ለማድረስ ከወጣው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። በምግብ ዓይነት ብዛት ኩፖኑ ቀደመ። በካሎሪ ግን ያሸነፈው ምግቡ ነው፤ ይህን አልደብቅም። ጥያቄው ሆድ መሙላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከጸሐፊው ጋር ብዙም ባልተጣላን ነበር። የምናወራው ግን ስለ ሕፃናት ነው።

ደግሞ ረሃብ ማለት ሁልጊዜ እህል ጠፋ ማለት አይደለም። ይህን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሰው ሲያልቅ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። እንዲያውም እህል ከወሎ ወጥቶ ወደ ሌላ ከተማ ይሄድ ነበር። ይህን ቆጥሮ ያሳየው ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ነው። ገበሬው ከብቱ አልቆ፣ ምርቱ ከስሞ የሚገዛበት አልነበረውም። ገበያው ቢኖርም የእሱ ኪስ ባዶ ነበር።

«ብሩን አባወራው ይጠጣበታል።»

ይቺን ነጥብ ሰው ይወዳታል። ጨዋታ ታደምቃለች። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ኢቫንስና አና ፖፖቫ በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ይህንኑ ፈትሸው ነበር። ድሃ ቤተሰብ ገንዘብ ሲሰጠው ለመጠጥና ለሲጋራ የሚያወጣው ባጠቃላይ አልጨመረም። በአንዳንዶቹ ጥናቶች እንዲያውም ቀንሷል።

ጥናት ካልጣመን ዙሪያችንን እንይ። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር የጸሐፊው አዳማና የእኔ ሐዋሳ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች ውስጥ ነበሩ። ጠዋት መንገድ ሲጠርጉ የምናያቸው ሴቶች ናቸው ብሩን የሚቀበሉት። ከእነሱ ስንቷ ናት ጠጪ? መጠጣት የፈለገ አባትማ ስንዴውንም ሸጦ ይጠጣል። አረቄ ከምን ይወጣል እንዴ? በነገራችን ላይ፣ ደመወዝ በወጣ ቀን ማታ አዳማም ሆነ ሐዋሳ መጠጥ ቤቶቹ ጢም ይላሉ። «ለመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙ በስንዴ ይሰጠው» ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ይልቅ ጸሐፊው ሊያነሱት ሲገባ ያለፉት ሌላ ነገር አለ። ገንዘቡ በእናትየው ስም ይውጣ ይባላል፣ ጥሩ። ስልኩ በማን እጅ ነው? ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ፤ ግን ብዙ ቤት ያለው አንድ ስልክ ነው። ሲሙም በባል ስም ይወጣል። ቤቷ የተቃጠለባት ሴት የቀበሌ መታወቂያዋም አብሮ ተቃጥሏል። ያለ መታወቂያ ሲም የለም፣ ሒሳብ የለም። እንዲህ ከሆነ «ለእናቶች ተከፈለ» የሚለው ሪፖርት ላይ ብቻ ይቀራል። ይህ ከስካር ወሬ ይልቅ የሚያሳስብ ነው፤ ደግሞ መፍትሔ አለው። መታወቂያውን ከምዝገባው ጋር አብሮ ማውጣት፣ ስልክ የሌላትን በአካል መክፈል፣ ክፍያውን ጤና ጣቢያው አካባቢ ማድረግ ይቻላል። ባልና ሚስትን አስቀምጦ ብሩ ለልጁ መሆኑን መንገርም አይከፋም። ደብቆ ለሚስት ብቻ መስጠት አንዳንድ ቤት ጠብ ያመጣል።

«ብር ሲበተን ገበያው ይወደዳል።»

እዚህ ላይ ጸሐፊውን ግማሽ በግማሽ እቀበላቸዋለሁ። ግማሹም ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልየው።

ገበያው መንገድ ካለው ነጋዴ ብር ያለበትን ያሸታል። ዲላ ላይ ገዢ ካለ ከሐዋሳ ጭኖ ለመሄድ አይቸገርም፣ አስፋልት ነው። እቃው ይጨምራል፣ ዋጋው ይረጋጋል። መንገድ የሌለበት፣ ነጋዴው ሁለትና ሦስት ብቻ የሆነበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ለገጠር መንደሮች አንዳንዱ ምግብ፣ አንዳንዱ ገንዘብ ሲሰጠው ይህ በደንብ ታይቷል። ምግብ የገባበት መንደር ዋጋ ወረደ። ገንዘብ የገባበት ትንሽ ወጣ። ልዩነቱ የጎላው ሩቅ መንደሮች ላይ ነው።

ከዚህ የከፋ ማስረጃም አለ፤ ጸሐፊው ቢያገኙት ደስ ይላቸው ነበር። ፊሊፒንስ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ገንዘብ ባገኘባቸው መንደሮች የእንቁላልን የመሰሉ ቶሎ የሚበላሹ ምግቦች ዋጋ ጨመረ። ገንዘቡን ያላገኙት ጎረቤቶች ልጆች ላይ መቀንጨር፣ ማለትም ቁመት ከዕድሜ በታች መቅረት፣ ባሰ። የአንዱ ልጅ እንቁላል ሲያገኝ የሌላው አጣ ማለት ነው። ተፈናቃይና ተቀባይ ማኅበረሰብ አንድ ገበያ በሚካፈሉበት በእኛ አገር ይህን አለማሰብ ሞኝነት ነው። ተፈናቃዩን ቆጥሮ ያስጠጋውን ድሃ ጎረቤት መተው ዋጋውንም ጠቡንም ይጨምራል።

በራሳችን ቤትም ደርሷል። የገጠሩ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የእህል ዋጋ ሲተኮስ ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ አለ። የእህሉ ዋጋ ግን ቀድሞ ሄዷል። ራቸል ሳባቴስ ዊለርና ስቴፈን ዴቬሮ የተባሉ ተመራማሪዎች የዚያን ጊዜ ተጠቃሚዎች አጥንተው ነበር። እህል ወይም እህልና ብር ቀላቅለው የተቀበሉት ብር ብቻ ከተቀበሉት የተሻለ ኑሮ ላይ ተገኙ። ቀድሞ ብር ይሻለናል ያሉ ሰዎች እህል ይሰጠን አሉ። ትክክል ነበሩ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ከዚያ በፊት የተተመነ የድጋፍ ብር ከዚያ በኋላ ምን ያህል ዘይት እንደሚገዛ አስቡት።

እንግዲህ ብር ይቅር? አይደለም። ከዚህ የሚወጣው ሌላ ነገር ነው። ክፍያው በየጊዜው ገበያው ታይቶ ይተመን። ዋጋ በጣም ሲሮጥ ከፊሉ በእህል ይሁን። መንገድ የሌለበት ወረዳ ላይ ከመነሻው እህል ይግባ። ጸሐፊው ግን «አንዳንድ ጊዜ ያስወድዳል» የሚለውን ይዘው «ሁልጊዜ ይቅር» ላይ ዘለሉ። በመካከሉ ያለውን ሥራ ማን ይሥራው?

«ጦርነት ባለበት ብር ይዘረፋል።»

ስንዴስ? ገና በቅርቡ አይደል እንዴ። በ2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጀመሪያ ለትግራይ፣ ሰኔ ላይ ደግሞ ለመላው አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቁመው ነበር። ምክንያቱ እርዳታው ለተረጂ ሳይደርስ ገበያ መውጣቱ ነበር። ስንዴው ጆንያው ላይ ተጽፎበት፣ መጋዘን ገብቶ፣ ተፈርሞበት ነው የጠፋው። እርዳታው ለወራት ሳይከፈት ቆየ። ቅጣቱን የበላው ግን ሌባው አልነበረም።

ጭነት መኪና ከሩቅ ይታያል። ኬላ ላይ ይቆማል፣ ይፈተሻል፣ ይታገታል። ስልክ ላይ የሚላክ ገንዘብ እንዲህ አይቆምም። ሶማሊያን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2011 ረሃብ ሲታወጅ አልሸባብ በያዛቸው ቦታዎች የምግብ ጭነት መግባት አልቻለም ነበር። ድርጅቶች በሀዋላ ገንዘብ መላክ ጀመሩ። በሀዋላ ነጋዴዎቹ በኩል ከአንድ ሚሊዮን ለሚበልጥ ሰው ደረሰ። የተፈራው የዋጋ መናርም በአብዛኛው አልመጣም፤ ነጋዴው እህል አስገባ። ጥፋቱ ሌላ ነበር። ዘገየ። እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ እስከ 2012 መጀመሪያ በዚያ ረሃብ ወደ 260 ሺህ ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ግማሹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ትልቁ ገንዘብ ሲደርስ ብዙዎቹ ሞተው ነበር።

ጸሐፊው ትግራይን አንስተው እዚያ ብር አይሠራም ነበር ያሉት ግን ልክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 አጋማሽ ጀምሮ ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ተቋርጦ፣ መንገድ ታጥሮ ሰው ባንክ ያስቀመጠውን የራሱን ብር እንኳ ማውጣት አቃተው። ደመወዝተኛውም ተራበ። እንደዚያ በተከበበ ቦታ ብር ላክን ማለት ቀልድ ነው። ምግብና መድኃኒት የሚያስገባ መንገድ መክፈት ብቻ ነው ያለው። ይህ ከባዱ ሁኔታ ግን ሁሉም ሁኔታ አይደለም። አብዛኛው ተፈናቃይ የሚኖረው ገበያ ባለበት ከተማ ዳር፣ ዘመድ ቤት ተጠግቶ፣ በኪራይ ቤት ነው። አዳማስ በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉትን ተቀብላ የለ? ለእነዚያ ሰዎች ገበያው ደጃቸው ላይ ነበር።

«የከሳ ልጅ በፕላምፒናት እንጂ በብር አይድንም።»

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ይህ ይመስለኛል። የተሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ሕክምናና መከላከል ተደባልቀውበታል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጁን ክንድ በባለቀለሙ መለኪያ ትለካለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው። ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ቀይ ላይ ለደረሰ ልጅ ብር ስጡ ያለ ማንም የለም። ለእሱ 500 ካሎሪ ያላት ያቺ ከረጢት ናት መድኃኒቱ። ውስብስብ ሕመም ካለበትም ሆስፒታል ይተኛል። እኛ የምንለው ልጁ አረንጓዴ ላይ እያለ፣ ወይም ቢጫውን ሊነካ ሲል፣ እናቱ እጅ ላይ ምን አለ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ። ፕላምፒናት የሚጀምረው ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ሕክምናውስ ቢሆን ሲያልቅ ልጁ የት ይመለሳል? ወዳከሳው ቤት። ኮንጎ ውስጥ በከፍተኛ የምግብ እጥረት ከሚታከሙ ልጆች የአንዳንዶቹ ቤተሰብ ከሕክምናው ጋር ለስድስት ወር በየወሩ 40 ዶላር ተሰጠው። የሌሎቹ ሕክምናውን ብቻ አገኙ። ገንዘብ ያገኙት ቤተሰቦች ልጆች ክብደት በተሻለ ጨመሩ፣ በብዛት ዳኑ፣ ተመልሰው የታመሙትም ጥቂት ነበሩ። ለታመመው ልጅ የተሰጠችው ከረጢት እኮ ቤት ስትገባ ለአንድ ልጅ አትቀርም። ታላቁም ታናሹም እያዩ ማን ብቻውን ይበላል? አልፎ አልፎ ሱቅ ስትሸጥም እናያታለን።

ኒጀር ማራዲ ውስጥ ደግሞ የመከላከሉ ጥያቄ ራሱ ተጠየቀ። ከስድስት እስከ ሃያ ሦስት ወር ላሉ ልጆች አንዳንዱ መንደር ተጨማሪ ምግብ ብቻ፣ አንዳንዱ ብር ብቻ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም አገኘ። ሁለቱን ያገኙት ዘንድ የመካከለኛ ምግብ እጥረት ክስተት አንዱን ብቻ ካገኙት በግማሽ ገደማ አነሰ። ልብ በሉልኝ፣ ይህ ለእኔም ለጸሐፊውም መልስ ነው። ብር ብቻውን አልበቃም። ምግቡም ብቻውን አልበቃም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የቤተሰቡ ማድጋ ባዶ ከሆነ ለሕፃኑ የተሰጠውን ሁሉም ይቀምሰዋል። ለቤቱ ብር ሲኖር ግን የሕፃኑ ለሕፃኑ ይቀራል።

አሁን ወደ ጸሐፊው ጠንካራ ማስረጃ ልምጣ። ሴፍቲኔት ለዓመታት ተከፍሎ የልጆች ቁመትም ክብደትም አልተለወጠም ይላሉ። እውነት ነው። የገጠሩን ፕሮግራም የመዘኑ ተመራማሪዎች በሕፃናት አመጋገብ ላይ የሚታይ ለውጥ አላገኙም። ሞቃዲሾ አጠገብ ባሉ የተፈናቃዮች መጠለያዎች የተሠራ ጥናትም ገንዘቡ አመጋገብን ቢያሻሽልም ክሳትን አልቀነሰም ብሏል። እንግዲህ ለምን? ጸሐፊው «ብር ስለሆነ» ብለው አለፉት። እኔ ግን ሴፍቲኔቱ በእህልም ይከፈል እንደነበር ላስታውሳቸው። ለውጡ ያልታየው እህሉም ብሩም በተከፈለበት ፕሮግራም ላይ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ብሩ ላይ ብቻ መለጠፍ አያስኬድም።

አንዱ ምክንያት መጠኑ ነው። ፓኪስታን ዳዱ በሚባል ወረዳ ይህ በደንብ ተለክቷል። ዳዱ የግጭት ሳይሆን የድህነት አካባቢ ነው። ለአንዱ ቡድን በወር 1,500 ሩፒ፣ ለሌላው እጥፉ ለስድስት ወር ተከፈለ። በስድስተኛው ወር ክሳት የቀነሰው እጥፉን ያገኙት ዘንድ ብቻ ነው። ክፍያው ከቆመ በኋላ፣ ዓመቱ ላይ፣ በክሳት በኩል ያ ልዩነት ጠፍቶ ነበር። ትንሽ ብር እዳ ይከፍላል፣ ጨው ይገዛል። እንቁላል ላይ ሳይደርስ ያልቃል። እኛ ደግሞ ስንት ጊዜ ነው ለአምስት ሰው የታሰበውን ለሰባት ሰው አካፍለን «ሁሉም ደረሰው» ያልነው?

ሌላው አብሮት የሚሄደው ነገር ነው። ሰሜን ባንግላዲሽ ውስጥ ለእናቶች ብር ብቻ ሲሰጥ መቀንጨር አልተነቃነቀም። ብሩ ከሳምንታዊ የአመጋገብ ትምህርት ጋር ሲሰጥ ግን በሁለት ዓመት በ7 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ቀነሰ። የመን ውስጥም ጦርነቱ እየተካሄደ ለእርጉዞችና ሕፃን ላላቸው እናቶች ብርና ትምህርት አብሮ ተሰጥቶ ነበር። በጣም ድሃ በሆኑት ቤቶች የልጆቹ ቁመትና ክብደት ተሻሻለ። በዚያ ጦርነት ውስጥ ማለት ነው! እኛም ጋ በገጠሩ ሴፍቲኔት እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ሕጉ አለ። እርጉዟ ከጉልበት ሥራ ትወጣለች፣ ክፍያዋ አይቋረጥም፣ በሥራው ፈንታ ጤና ኬላ ሄዳ ትምህርት ትከታተላለች። ይህ ሕግ በተፈናቃይ ጣቢያ ሲሠራ ማየት ነው የምፈልገው። ተፈናቅላ የመጣችን እርጉዝ የትኛው ጤና ኬላ ይቁጠራት የሚለው ራሱ እስኪፈታ ልጁ ይወለዳል።

ከዚያ ውሃው አለ። ተቅማጥ የያዘው ልጅ እንቁላልም ብታበላው አይዘውም። መጸዳጃ ቤት በእናት እጅ በሚሰጥ ብር አይቆፈርም። የኩፍኝ ክትባትም አይገዛበትም። ሞቃዲሾ ዳር ክሳት አለመቀነሱ ብዙም አይደንቀኝም፤ መጠለያ ጣቢያ ማለት መጨናነቅና በሽታ ነው።

«ሕዝቡን ጥገኛ ያደርጋል።»

ስንዴ አያደርግም? ለስንዴ የሚመሰገን ነገር ለብር የሚወቀስበት ምክንያት አልታየኝም። ደግሞ የምናወራው የስምንት ወር ሕፃን ስላላት ሴት ነው።

የጸሐፊው የመጨረሻ ሐሳብ የገንዘብ ድጋፉ በሙሉ ወደ ስንዴ ይዛወር የሚል ነው። እኔ የምለው ከዚህ ጠበብ ይላል። ገበያው በሚሠራበት፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት አካባቢ ለእርጉዞችና ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ላላቸው ቤቶች ብር ይሰጥ፤ ለተፈናቃዩም ላስጠጋውም። መጠኑ በገበያ ዋጋ ይታይ። ለሕፃኑ ፋፋን የመሰለ ተጨማሪ ምግብ አብሮ ይሂድ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንድ መለካቷን አታቋርጥ። ስንዴው ደግሞ መንገድ ለሌላቸውና ለተከበቡት ይሂድ፤ እዚያ እጥፍ ቢሆንም አይበዛም።

ቀኑን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። በጌዴኦና በሲዳማ የቡና አገር ኪስ የሚደርቀው በክረምቱ ነው፣ ቡናው ሳይደርስ። ተቅማጡም ወባውም ያኔና ክረምቱ እንደወጣ ይበረታል። ስለዚህ ክፍያው ሰኔ ላይ ይጀመር። በጀት እስኪጸድቅ፣ ዝርዝር እስኪጣራ፣ ፊርማ እስኪሰበሰብ ተብሎ ኅዳር ላይ ከሆነ ቡናው ተለቅሞ ቤቱ ራሱ ብር አግኝቷል። ያኔ ጸሐፊው መጥተው ቢለኩ «ይኸው፣ ምንም ለውጥ የለም» ማለታቸው አይቀርም። ልክም ይሆናሉ።